ማይክ ሮይኮን ያነበበ አለ? ተሳዳቢ ነበር ወይስ ሌላ?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ መጽሔት አምድ መጻፍ ከጀመርኩ ትንሽ ቆየሁ። አለቃዬ «ብዕርሽ ለስላሳ ነው፣ ሰውን ቆንጠጥ አድርጊ» ይለኛል። ምሳሌ ብሎ የጠራልኝ ደግሞ የቺካጎውን አምደኛ ማይክ ሮይኮን ነው። ስፈልገው ግማሹ ያወድሰዋል፣ ግማሹ ይረግመዋል። ቺካጎ የኖራችሁ፣ ሰውየው ምኑ ነው እንዲህ ያስወራው?

መልስ (ባለታክሲው፣ ቺካጎ)፦
እህቴ፣ ጥሩ ቦታ መጣሽ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ታክሲ ስነዳ፣ ኦሄር ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ትሪቡን ጋዜጣን እንቀባበል ነበር። ሌላው ስፖርቱን ይገልጣል፣ እኔ ሮይኮን። እንግሊዝኛዬ ገና ስብርብር ነበር፣ የእሱ ግን ይገባኝ ነበር። መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ነዋ!

ያደገውም እዚያው ነው። በ1932 ተወለደ። አባቱ የዩክሬን፣ እናቱ የፖላንድ ዘር። ወላጆቹ መጠጥ ቤት ነበራቸው፣ ቤተሰቡ ፎቁ ላይ ይኖር ነበር። የጋዜጣ ሥራ የጀመረው ደግሞ በውሸት ነው። አየር ኃይል እያለ፣ ያኔ ኦሄር በነበረው የጦር ሰፈር ጋዜጣ አዘጋጅ ሲፈለግ «ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ሠርቻለሁ» አለ። አልሠራም። በ1959 ግን እውነትም ዴይሊ ኒውስ ገባ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሮይኮ የቆነጠጠው ማንን ነው? ከንቲባ ሪቻርድ ዴይሊን። ሰውየው ከ1955 ጀምሮ በ1976 እስኪሞት ድረስ ቺካጎን የገዛ ነው። የከተማ ሥራ የሚፈልግ ሰው በሰፈሩ የፓርቲ ካድሬ በኩል ማለፍ ነበረበት። (ይሄን ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።) ሮይኮ የከተማዋ መፈክር «የእኔስ ድርሻ የታለ?» ይሁን ብሎ አላገጠ። በ1971 ስለ ዴይሊ «ቦስ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። የከንቲባው ሚስት ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ እንዲነሳ አስደረጉ፣ መጽሐፉ የባሰ ተሸጠ። ሮይኮ በዓመቱ በአምዱ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ወሰደ።

መልስ (ከዋሽንግተን)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሰውየውን ቅዱስ አደረጉት። በ1996 ስለ ሜክሲኮ በጻፈው ነገር የተቆጡ ሰዎች ትሪቡን ሕንጻ ፊት ለፊት ሰልፍ የወጡበትን ረሱት? ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞም ያውቃል። እኛ ስደተኞች እንዲህ ያለውን ጸሐፊ ባናሞግሰው ይሻላል።

መልስ (ባለታክሲው)፦
አልረሳሁም ወንድሜ። መጠጡም እውነት ነው። የ1996ቱ ጽሑፍ ግን ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር በነበረው፣ ስደተኛ አይግባ በሚለው ፖለቲከኛ በፓት ቡካናን ላይ ለማሾፍ ነበር። ሮይኮ የቡካናንን ዓይነት ስድብ ራሱ እንደሚያምንበት አስመስሎ ጻፈና፣ አንባቢው ቀልዱን ይይዝልኛል አለ። ብዙ ሰው አልያዘለትም። እኔ በተሰለፉት አልፈርድም። ስድቡን በየቀኑ በቁሙ ለሚሰማ ሰው ምጸት ምኑ ነው? ለጠያቂዋም ከሽልማቱ ይልቅ ይሄ ይጠቅማታል። ዴይሊን ሲወጋ የሚያመው ዴይሊን ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ግን ቡካናን ዳነና ሜክሲካዊው ተወጋ።

መልስ (ከቶሮንቶ)፦
የሲናትራን አትርሱ! በ1976 ፍራንክ ሲናትራ ቺካጎ ሲመጣ ፖሊስ ሆቴሉን ይጠብቅለት ነበር። ሮይኮ «ለዘፋኝ የሕዝብ ፖሊስ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ጻፈ። ሲናትራ የስድብ ደብዳቤ ላከለት። ሮይኮ ደብዳቤውን ጋዜጣው ላይ አወጣው፣ ከዚያ ለበጎ አድራጎት በጨረታ ሸጠው። ሳቄን አልቻልኩም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አለቆቹስ አላባረሩትም?

መልስ (ባለታክሲው)፦
ራሱ ነው ጥሎ የሚሄደው። ዴይሊ ኒውስ በ1978 ሲዘጋ ሰን ታይምስ ገባ። በ1984 የጋዜጦች ባለሀብቱ ሩፐርት መርዶክ ሰን ታይምስን ገዛው። ሮይኮ «ራሱን የሚያከብር ዓሣ በመርዶክ ጋዜጣ መጠቅለል አይፈልግም» ብሎ ወደ ተፎካካሪው ትሪቡን ተሻገረ። እኛ አገር ቢሆን በዓሣው ፈንታ ቆሎ ይል ነበር። በ1997 እስኪሞት ትሪቡን ነበር፤ ከ7,500 በላይ አምዶች ጽፏል። ብዙውን ዘመን በሳምንት አምስት ቀን! ስለዚህ የደከመም አለበት፣ ሁሉንም አታምልኪ።

ማንበብ ከፈለግሽ በ1972 ጃኪ ሮቢንሰን ሲሞት በጻፈው ጀምሪ። ሮቢንሰን በ1947 ጥቁሮች በማይገቡበት በትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የዘር አጥሩን የሰበረ ተጫዋች ነው። ሮይኮ በልጅነቱ፣ በ1947፣ ሮቢንሰን መጀመሪያ ቺካጎ ሲጫወት ስታዲየም ገብቶ ነበር። ሮቢንሰን የመታት ኳስ እጁ ገባች። አንድ ጥቁር ሰውዬ በአሥር ዶላር ገዛት። ሮይኮ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ያ ሰውዬ ለአሥር ዶላር ምን ያህል እንደለፋ ያኔ አላወቅኩም ነበር፣ በነጻ በሰጠሁት ይላል። አንድም የስድብ ቃል የለበትም። ለአለቃሽ አሳዪው፣ ከዚያ ምን እንደሚልሽ ጻፊልን።