ክርክር፦ ርካሹ ቤት የት ይሠራ?

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መገንባት የጀመረችው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንደ ልደታ ያሉ ሳይቶች መሃል ከተማ ላይ ቆሙ። ብዙው ቤት ግን ወደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ቦሌ አራብሳ ወጣ። እኔ ዳር ዳሩን መገንባት ይብቃ ባይ ነኝ። ቤቱ ረክሶ ኑሮው ከተወደደ ምን ዋጋ አለው? እናንተስ?

የአራብሳዋ፦ አንተ ይብቃ የምትለው ቤት እኔን ከአከራይ ያላቀቀኝ ነው። ተመዝግቤ ከአስር ዓመት በላይ ጠበቅኩ። እጣው ሲወጣልኝ ከልጄ ጋር ተቃቅፈን አለቀስን። አሁን "መብራት አጥፊ፣ እንግዳ አታብዢ" የሚለኝ የለም። መሃል ከተማ ካልሆነ ቢባል ኖሮ እስካሁን ወረፋ ላይ ነበርኩ።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ ደስ ብሎኛል። ግን ከቤት የምትወጪው ስንት ሰዓት ነው?

የአራብሳዋ፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ሜክሲኮ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ልጄን ተኝቶ ትቼው ወጥቼ፣ ተኝቶ አገኘዋለሁ። እሱን አልክድም።

የልደታ ልጅ፦ መሃል መሥራት ብቻውንም አያድንም። ሰፈራችን ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት ቅድሚያ ነበረን። ቅድመ ክፍያ ያገኘ ገባ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤታችን ግን አልቻለችም፤ ሌላ ሰፈር የቀበሌ ቤት ተሰጣት። ደንበኞቿም እድሯም ልደታ ቀሩ። 80 በመቶውን ባንክ ያበድርሻል ቢሏት፣ 20ውን ከየት ታምጣ? 10/90 የሚባለውም፣ 10 በመቶ ከፍለህ 90 በመቶውን የምትበደርበት ማለት ነው፣ ቋሚ ገቢ ለሌለው ከባድ ነበር። ስለዚህ መሃል ከተማ ከሚሠራው ግማሹ አይሸጥ። በዝቅተኛ ኪራይ ይሰጥ።

ሳይት ላይ የምሠራ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ስለ አሠራሩም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙውን ሕንፃ ጂ+4፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ላይ ያቆምነው ሊፍት ላለማስገባት ነው። ለግንባታም ለጥገናም ወጪው ይቀንሳል። ግን የውሃው ግፊት ብዙ ጊዜ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። እናቴ አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ጀሪካኑን በየፎቁ እያስቀመጠች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ማጠራቀሚያና ፓምፕ የሌለው ዲዛይን መጽደቅ የለበትም።

የአራብሳዋ፦ ኪራዩ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እኔ ቀበሌ ቤት ነው ያደግኩት። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሳፋ እንደቅናለን፣ የሚጠግን የለም። ያ እንዳይደገም ምን ይደረግ?

የልደታ ልጅ፦ ልክ ነሽ። ያኔ ኪራዩ በጣም ትንሽ ስለነበር ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ትንሽ ከፍ ይበልና ለጥገና ብቻ የሚቀመጥ ድርሻ ይኑረው። ሒሳቡንም በየሕንፃው ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ይየው።