እናቴን ቀና ብሎ ሳያያት መድኃኒት ጻፈላት፤ ምን ላድርግ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬዳዋ ልጆች። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። እሁድ ማታ ድንገት ትኩሳት ያዛት። ሰኞ ጠዋት ቁርጭምጭሚቷና የእጇ አንጓ አልታዘዝ ብሏት ግድግዳ ይዛ ነው ሽንት ቤት የሄደችው። ከዓይኔ ጀርባ ያመኛል ትላለች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። በዚያ ሙቀት ሻሿን በውሃ እያራስኩ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ወረፋ ጠበቅን።

ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ እኔን ነው የጠየቀው፤ "ምን ሆና ነው?" አለኝ። ድሬ ላይ አንቺ መባል ለማንም ነውር አይደለም፣ እሱ አይደለም ያንገበገበኝ። እሷ እኮ ፊቱ ቁጭ ብላለች! "መገጣጠሚያዬን..." ብላ ስትጀምር የላብራቶሪ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሷል። የግፊት መድኃኒት እንደምትወስድ ልነግረው ስል "ከላብራቶሪ ስትመለሱ" አለኝ። ስንመለስም አልጠየቀም። ግፊቷን አልለካም፣ እጇን አልነካም። "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ብሎ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉ የአንቲባዮቲክ እንክብሎች፣ ለሕመሙም የዳይክሎፌናክ መርፌ አዘዘ። ስንወጣ እናቴ "ምን አለኝ?" ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ትኩሳቱ አለቀቃትም። እንክብሎቹን ጀምራለች፣ መርፌውን ገና አላስወጋኋትም። ሌላ ቦታ ልውሰዳት ወይስ መድኃኒቱን ትጨርስ?

ላብራቶሪ ከሐረር፦
እህቴ፣ ሥራዬ ስለሆነ ልንገርሽ። ወረቀቱ ላይ "ዊዳል" የሚል የታይፎይድ የደም ምርመራ ካለ፣ እሱ ብቻውን ታይፎይድ ለማለት አይበቃም። ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታይፎይድ ይዟት ከነበረ፣ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለባት፣ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ደግሞ ትኩሳቱ እሁድ ጀምሮ ሰኞ ተመረመረች፤ እውነተኛ ታይፎይድ ቢሆን እንኳ አንቲቦዲው ገና አይወጣም ነበር። የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደሟ አሳድጎ ማየት፤ እሱ ደግሞ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ወባ ተመርምራለች? ሲቢሲስ፣ የደም ሴል ቆጠራው?

የሳቢያን ልጅ፦
ሁለቱም አልታዘዘም። ያለው "ዊዳል ኦ 1፡80" የሚል ብቻ ነው።

ገንደ ቆሬ፦
መርፌውን አደራ እንዳታስወጊያት! ድሬ ላይ ድንገተኛ ትኩሳት ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ትንኝ ነው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ደንጊ ነበር፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ በበጋው ወባ። በቺኩንጉንያው ጊዜ እኛ ቤት አምስታችንም ተኝተናል፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ የጀሪካን ክዳን መክፈት አቅቶኝ ነበር። ደንጊ ከሆነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደም ሊያስፈስሱ ይችላሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ከዚያ ብዙ ፈሳሽ።

ላብራቶሪ ከሐረር፦
ትክክል ነው። ዳይክሎፌናክ ግፊትም ይጨምራል። ዛሬውኑ ሌላ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ የተሰጣትን ሁሉ ከነፓኬቱ ይዘሽ ሂጂ። ወባና ሲቢሲ ይሠራላት። እንክብሎቹን ታቁም አታቁም እሱ ይወስን። ትኩሳቱ ሲለቃት ዳነች ብለሽ አትዘናጊ፤ ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ ደጋግማ ካስመለሳት ወይም ድዷ ከደማ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
አሁን ተመለስን። ወባ የለባትም። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቷ ወርዶ 98 ሺህ ሆኗል፣ ግፊቷ 170 በ100። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠግታ "እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለቻት። እናቴም ከእሁዱ እራት ጀምራ ነገረቻት፤ አላቋረጠቻትም። ደንጊ ሳይሆን አይቀርም ብላ ሁለቱንም እንክብል አስቆመች፣ ለግፊቷም የሚሆነውን አስተካከለች። ነገ ጠዋት ፕላትሌቱ ይደገማል። ገንደ ቆሬ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ከሥራ ስወጣ ላስወጋት ነበር።

ቤት ስገባ የውሃውን በርሜል ከፍቼ አየሁት፣ የትንኝ ትል ይርመሰመሳል። ውሃ የሚመጣልን በአምስት ቀን አንዴ ስለሆነ ልድፋው አልቻልኩም። በጨርቅ አጥልዬ ወደ ጀሪካን ገለበጥኩት፣ በርሜሉንም ከውስጥ ፈትጌ አጠብኩት።