ትምህርቱም ስልኩ ውስጥ ነው፤ እንዴት ልራቀው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። «ስልክሽን አጥፍተሽ አጥኚ» የሚለው ምክር ሰልችቶኛል። የኩዊዝ ቀን የሚለጠፈው፣ ሃንድአውት የሚላከው የሴክሽናችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። እዚያው ላይ የጠፋ መታወቂያ፣ የአርሰናል ክርክር፣ ስቲከር። ሃንድአውት ላወርድ ገብቼ ቲክቶክ ላይ የማመሽበት ቀን ይበዛል። ሳጠፋው ደግሞ የሆነ ነገር ያመለጠኝ ይመስለኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል። ማታ ቡና ጠጥተን ስናጠና መብራት ከሄደማ በቃ፣ የማስበው ስለ ባትሪው ብቻ ነው። እንደኔ የሆነ አለ?

የቀድሞ ሪፕ (የክፍል ተወካይ)፦ እህቴ፣ አታጥፊው። ለሪፓችሁ ንገሪው፤ እሱ ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ይክፈት። የፈተና ቀን፣ የክፍል ለውጥ፣ ሃንድአውት እዚያ ብቻ። ግሩፑን ሚዩት አድርጊና አርካይቭ ውስጥ ክተቺው፤ ሚዩት ከሆነ አዲስ መልእክት ቢመጣም ከዚያ አይወጣም። እኛ ስንጀምረው «ቻናሉን አላየሁም» የሚል አልጠፋም። እሱ ግን ግሩፑንም የማያይ ሰው ነው።

የጤና ተማሪ፦ ስለ ቡናው ማንም አያነሳም? ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዉ ማለት ያስቃል፣ ግን ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብዙ ሰው ላይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 2 ሰዓት ከጠጣሽ ሌሊት 7 ሰዓትም ግማሹ አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በትንሹም ይጨነቃል፤ ያኔ እጁ ላይ ያለው ስልኩ ነው። ከአልጋሽ አርቀሽ ቻርጅ አድርጊው። ቀንም ልብሽ ዝም ብሎ ድው ድው የሚል ከሆነ ግን ክሊኒክ ሂጂ፣ እዚህ አትጠይቂ።

የሄርማታ ልጅ፦ በ2015 የካቲት ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ዩቱዩብ ሲታገዱ ካምፓስ ነበርኩ። እስከ ሐምሌ ቆየ። ሰው የተረጋጋ መሰላችሁ? ዶርሙ ሁሉ የሚሠራ ቪፒኤን ፍለጋ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ተገዶ መራቅ ጭንቀት አይቀንስም ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ፦ ለሪፓችን ነገርኩት፤ «ፋይናል ይለፍና እናያለን» አለኝ። የማታ ቡናውን ለማቆም የዶርም ጓደኞቼ በፍጹም አሉ፤ እኔ ግን ቀን ላይ ብቻ ልጠጣ ነው። የቀድሞ ሪፕ፣ ቻናሉን ሌላ ተማሪ ቢከፍተውስ?

የቀድሞ ሪፕ፦ ይቻላል። ብቻ አድሚኑ ሪፑና አንድ የታመነ ሰው ይሁኑ፣ አለዚያ ለቀልድ ብሎ የውሸት የፈተና ቀን የሚለጥፍ አይጠፋም።