የአባቴ የጭንቅላት ደም ስር ጠቧል ተባለ፤ ለስቴንት ህንድ እንውሰዳቸው ወይስ እንጠብቅ?

የሐዋሳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሙያው ያላችሁ ወይም በቤተሰብ የገጠማችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ደም ግፊት ከያዛቸው ቆይቷል፣ ስኳርም አለባቸው። ባለፈው ሳምንት ቁርስ ላይ ቀኝ እጃቸው ስኒ መያዝ አቃተው፣ አፋቸውም ተሳሰረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ነበሩበት ተመለሱና «ብርድ ነው፣ ደህና ነኝ» ብለው ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ። እንደምንም ለምነን ወሰድናቸው። በሲቲ ስካን የፈሰሰ ደም የለም ተባለ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተን ኤምአርአይና የደም ስር ኤምአርአይ ተነሱ። ወረቀቱ በግራ በኩል ያለው መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ 75% ገደማ ጠቧል ይላል። ሐኪሙ ደም እንዳይረጋ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን አዘዙላቸው፣ የግፊቱንም መድኃኒት ጨመሩ፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉን።

ቤተሰቡ ግን አልተረጋጋም። በሽተኛ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ሰው ምስሉን በቴሌግራም አይቶ «ቧንቧው ሊዘጋ ነው፤ ጭንቅላት ሳይከፈት በብሽሽት ገብተው ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ያስቀምጡላቸዋል፣ በሦስተኛው ቀን ይወጣሉ» አለን። ወንድሜ መኪናውን ለገበያ አውጥቷል። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ልቡ ላይ ስቴንት ገብቶለት ዛሬ ኳስ ይጫወታል፤ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነው። ክኒን እየዋጡ መጠበቅ እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ በምን ይለያል?

ቴዲ ቦሌ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም። እናቴ ያንኑ ተብላ ባንኮክ ወስደን ተሠራላት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ ትወጣለች። መኪና ይገኛል።

ሲስተር ከሜሪላንድ

ቴዲ፣ የእናትህ የጠበበው አንገት ላይ ነበር ወይስ ጭንቅላት ውስጥ?

ቴዲ ቦሌ

አንገት ላይ። ካሮቲድ ነው ያሉን። እሱም ስቴንት አልገባላትም፣ ተቀዶ ውስጡ ተጠረገ።

ሲስተር ከሜሪላንድ

እሱን ነው ማወቅ የፈለግኩት። የስትሮክ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ቤተሰብ ሁለቱን ሲያቀላቅል ሁልጊዜ አያለሁ። አይፈረድባቸውም፣ ሁለቱም «ወደ ጭንቅላት የሚሄድ ደም ስር ጠበበ» ነው የሚባለው።

የአንገቱ ቧንቧ ሰፊ ነው፣ ለቆዳም ቅርብ ነው፤ ቀዶ ጥገናም ስቴንትም ይደርስበታል። ምልክት አሳይቶ ከ70% በላይ የጠበበበት ሰው ቢከፈትለት እንደሚጠቀም ከ1991 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ይታወቃል። በዚያ ዓመት በወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ የመታቸው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 26%፣ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 9% ነበሩ። ጥቅሙ የሚጎላውም ምልክቱ በታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ነው። በ2010 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ስቴንትንና ቀዶ ጥገናን አወዳድሮ በጥቅሉ ተቀራራቢ ሆነው አገኛቸው፦ በስቴንቱ በኩል ስትሮክ በዛ፣ በቀዶ ጥገናው በኩል ሃርት አታክ። ዕድሜው ከ70 ላለፈ ሰው ቀዶ ጥገናው ያደላል። ስለዚህ ቴዲ፣ እናትህ ያገኘችው ሕክምና በቦታው ትክክል ነው።

የእህታችን አባት የጠበበባቸው ግን የራስ ቅል ውስጥ ነው። እዚያ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሐኪም ካለ ከዚህ ይቀጥል።

የነርቭ ሬዚደንት

ልቀጥል። ያ መካከለኛ ቧንቧ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ከጎኑ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቅርንጫፎች ወጥተው ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባሉ፤ እጅና እግርን የሚያዘው የነርቭ መስመር እዚያ ሲያልፍ ደም የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ስቴንት ሲዘረጋ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ስብ ተገፍቶ የእነዚህን አፍ ሊደፍን ይችላል። ትልቁ ቧንቧ በፎቶ ላይ አምሮ ይከፈታል፣ በሽተኛው ግን አንድ ጎኑ ሽባ ሆኖ ይነሳል።

አሜሪካ ውስጥ ሳምፕሪስ የተባለ ጥናት ልክ እንደ አባትሽ ያሉትን፣ ማለትም በቅርቡ ምልክት ያሳዩና የራስ ቅል ውስጥ ቧንቧቸው ከ70 እስከ 99% የጠበበባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ጠበቅ ያለ የመድኃኒት ሕክምና ብቻ አገኘ፤ ሌላው ያንኑ መድኃኒትና ስቴንት። በ2011፣ 451 ሰው ላይ ሲደርስ አዲስ በሽተኛ መቀበል ቆመ። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ የመታቸው ወይም የሞቱት ስቴንት ከገባላቸው 14.7%፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 5.8% ነበሩ። በ2022 ከቻይና የወጣው ጥናት ልምድ ያላቸው ሐኪሞችን ይዞ፣ በሽተኞቹንም በጥንቃቄ መርጦ ደገመው፤ ያኔም ስቴንቱ ከመድኃኒቱ አልበለጠም።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ ተቋጭቶ አላለቀም። በ2024 ከዚያው ከቻይና፣ ስቴንት ሳያስቀምጡ በትንሽ ባሉን ቀስ ብለው ቧንቧውን ያሰፉበት ጥናት ለባሉኑ አድልቶ ወጥቷል፤ በዓመቱ ከባሉኑ ወገን 4.4%፣ ከመድኃኒቱ ወገን 13.5% ችግር ገጠማቸው። ይህ ግን ሥራውን በየጊዜው በሚሠሩ እጆች የተገኘ ውጤት ነው። አባትሽ መድኃኒቱን በሚገባ እየወሰዱ እንደገና ከመታቸው ያኔ ስለ ባሉንም ስለ ስቴንትም እንነጋገራለን። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ለዚህ ቦታ የፈቀደውን ስቴንት በ2012 የገደበው መድኃኒት እየወሰዱ በተደጋጋሚ ስትሮክ ለመታቸው ነው። መድኃኒት ከጀመሩ ሳምንት ያልሞላቸውን ሰው ግን በቴሌግራም ምስል አይቶ «ይሠራላቸው» የሚል ሰው አልገባኝም። ለዚያውም ሁለተኛው ስትሮክ የሚፈራው በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ ያን ጊዜ በኤርፖርትና በሆቴል ማሳለፍ አለ።

የጎረቤታችሁን ልጅ ተዉት፣ የልብ ቧንቧ ሌላ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የደም ስር ኤምአርአይ ጥበትን አጋንኖ የማሳየት ጠባይ ስላለው ቁጥሩ በሲቲ አንጂዮግራፊ (ደም ስሮችን ለይቶ በሚያሳይ ሲቲ ስካን) ተረጋግጧል? ልባቸውስ ታይቷል? የረጋው ደም ከልብ የመጣ ከሆነ መድኃኒቱም ይለወጣል።

የሐዋሳዋ

አንገታቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነስተዋል፣ ውጤቱን ግን ማንም አልነገረን። ሲቲ አንጂዮግራፊ አልተነሱም። ጠበቅ ያለ መድኃኒት ያልከው የታዘዘላቸው ነው? ሦስት ክኒንና የግፊቱ?

የነርቭ ሬዚደንት

ክኒኖቹ እነሱው ናቸው፣ ልዩነቱ አወሳሰዱ ላይ ነው። በጥናቱ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ለ90 ቀን ተወሰዱ፣ ከዚያ አስፒሪን ብቻውን ቀጠለ። መጥፎው ኮሌስትሮል ከ70 በታች፣ የላይኛው ግፊት ከ140 በታች፣ ስኳር ላለበት ደግሞ ከ130 በታች እንዲወርድ ታለመ፤ ካልወረደ መድኃኒቱ እየተጨመረ። ሲጋራና እንቅስቃሴም ክትትል ነበረው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ክኒኑ ይገዛል፣ ግፊቱ ግን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አይለካም። ለወንድምሽ ንገሪው፣ መኪናውን ከመሸጡ በፊት የግፊት መለኪያ ይግዛ። የክንዱን፣ የእጅ አንጓውን አይደለም።

ፋርማሲስት ከመገናኛ

ከመድኃኒት ቤት በኩል ያለውን ልጨምር። አባትሽ ጨጓራ ካላቸው ኦሜፕራዞል ገዝተው እንዳይጀምሩ። ጉበት ክሎፒዶግሬልን ወደሚሠራ መልኩ እንዳይለውጠው ያዳክማል። ጨጓራ መከላከያ ካስፈለገ ፓንቶፕራዞል ይሻላል ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ኦሜፕራዞል ያለ ወረቀት በየመንደሩ ስለሚሸጥ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

ጾም የሚጾሙ ከሆነ ክኒኑን አይዝለሉ፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፣ ከስኳሩ ጋር ግን ሐኪሙ ይወቀው። ጸበልም ቢሄዱ መድኃኒቱ አብሯቸው ይሂድ፤ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ። ጥርስ ለማስነቀል ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙትም አደራ፤ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ብርሃኑ

ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። አስፒሪን ኪስ ውስጥ ይያዝ፤ ስትሮክ ሲጀምር ወዲያው ይታኘክ። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድም ደም ያቀጥናል።

ሲስተር ከሜሪላንድ

ብርሃኑ፣ የሚታኘከው አስፒሪን ለልብ ነው። ስትሮክ ሲመጣ ቧንቧ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ በዓይን አይታወቅም፤ ፈንድቶ ከሆነ አስፒሪኑ ያባብሰዋል። መጀመሪያ ሲቲ ስካን። መዋጥ ያቃተው ሰው ላይም ክኒኑ ሳንባ ይገባል። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይብሉት።

ሰላም ከፍራንክፈርት

እኔ ግን ግራ ገባኝ። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ወድቆ፣ በብሽሽቱ ሽቦ አስገብተው ጭንቅላቱ ውስጥ የረጋውን ደም ጎትተው አወጡለት። በማግስቱ ስሜን ጠራኝ። እናንተ ደግሞ አደገኛ ነው ትላላችሁ።

ሲስተር ከሜሪላንድ

ሰላም፣ እንኳን ተረፈልሽ። የእሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቧንቧው ድንገት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አንጎሉ እየሞተ ነበር። የአባታቸው ጠቧል እንጂ ደም እያለፈ ነው። ለባለቤትሽ የተደረገው ትሮምቤክቶሚ ይባላል፤ ቀጭን ካቴተር በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ገብቶ እስከ አንጎል ይሄድና የረጋውን ደም በመረብ ይጎትታል ወይም ይመጠዋል። በ2015 አምስት ጥናቶች ተከታትለው ከወጡ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ለደረሰ ሰው መደበኛ ሕክምና ሆነ፤ ከ2018 ወዲህ በምስል ለተመረጡ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት ተራዝሟል። በደም ሥር የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሚያ ግን ገደቡ በመደበኛው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ትልቅ ቧንቧ ሲዘጋ በደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይሞታል ተብሎ ይሰላል።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ። ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ነው?» ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናት «በ3 ሰዓት ቁርስ በልተናል» ሲሉ ልጅየው በድንጋጤ ቃሉን እንዳለ ሦስት ሰዓት ብሎ ይተረጉመዋል። እናትየዋ ያሉት በፈረንጅ የጠዋቱን 9 ነው፣ መዝገቡ ላይ የሚገባው በፈረንጅ ሌሊት 3። ስድስት ሰዓት ከንቱ ተጨመረ፣ የማሟሚያው መድኃኒትም ጊዜው አለፈ ተብሎ ይቀራል። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ፣ ጠዋት ማታ ብላችሁ ተናገሩ።

ቴዲ ቦሌ

ይሄን ለቤተሰብ ግሩፕ ልኬዋለሁ። የሐዋሳዋ፣ መኪናው ይገኛል ያልኩትን ተይው።

የሐዋሳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መለኪያው ተገዝቷል። ትናንት ማታ 158 በ94፣ ዛሬ ጠዋት 161 በ90 ነበር። ወንድሜ ማስታወቂያውን ለጊዜው አውርዶታል፣ እናቴ ግን አሁንም «ህንድ» ነው የምትለው። ቀጠሮው ሳምንት ነው። እስከዚያ ምን እናድርግ?

የነርቭ ሬዚደንት

ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ነገ ለሐኪሙ ቁጥሩን ደውላችሁ ንገሩ፤ መድኃኒቱን እሱ ይጨምር። በራሳችሁ ሁለት ክኒን አትስጧቸው። ቧንቧው በጠበበበት ሰው ግፊቱ በአንድ ቀን ከተናደ ከጥበቱ ማዶ ያለው አንጎል ደም ያጥረዋል፤ በሳምንታት ቀስ እያለ ነው መውረድ ያለበት። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው አርፈው ጠዋትና ማታ ለኩ፣ ደብተር ላይ ጻፉት።

ስትሄዱ ኢሲጂውን ይዛችሁ ሂዱና እነዚህን ጠይቁ፦ ልባቸው በ24 ሰዓት መቅረጫ ይታይ ወይ፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ ያስፈልጋል ወይ፣ ክሎፒዶግሬሉ በየትኛው ቀን ይቆማል። ለሲቲው በደም ሥር ቀለም ስለሚሰጥ የኩላሊት ምርመራ ይቀድማል፤ ለስኳሩ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከቤታችሁ ቅርብ ሌሊትም ሲቲ ስካን የሚያነሳ ሆስፒታል የቱ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ስልኩንም በእናትሽ ስልክ ላይ ጭምር መዝግቡት።