ውሃና ፉርፉራል አንዱ በሌላው የሚሟሙበትን መጠን ስንለካ የካርል ፊሸር ንባብ ለምን አይረጋም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጽሑፌን የምሠራው ከሸንኮራ አገዳ ባጋስ (ተጨምቆ ከሚቀረው ገለባ) በሚገኘው ፉርፉራል በተባለ ፈሳሽ ኬሚካል ላይ ሲሆን፣ ዓላማዬም ከ25 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ፉርፉራልና ውሃ አንዱ በሌላው ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሙ መለካት ነው። ሁለቱን በቴርሞስታት በሚሞቅ ባለ ድርብ ግድግዳ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አማስላቸውና፣ ረግተው እስኪለያዩ ጠብቄ ከላይኛውም ከታችኛውም ክፍል ናሙና እወስዳለሁ። በውሃው ክፍል ያለው የፉርፉራል መጠን በ25 ዲግሪ በክብደት ወደ 8 በመቶ ስለሚደርስ ከሚታወቀው ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ያስቸገረኝ ከታች የሚቀመጠው የፉርፉራል ክፍል ነው። በውስጡ ያለው ውሃ 5 በመቶ ግድም መሆን ሲገባው፣ የውሃን መጠን በኬሚካል ምላሽ በሚለካው በካርል ፊሸር ቲትሬሽን ስለካው ንባቡ መጨረሻ ላይ ደርሶ አይቆምም፤ በጠበቅሁ ቁጥርም እየጨመረ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ከ60 ዲግሪ በላይ የምወስዳቸው ናሙናዎች ገና ሲሪንጁ ውስጥ እያሉ ይደፈርሳሉ። የምጠቀምበት ሪኤጀንት (ከውሃው ጋር የሚዋሃደው የመለኪያ ፈሳሽ) የተለመደው፣ ሜታኖል ያለበት ነው። ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

የንባቡ አለመርጋት ምክንያት በእኔ እምነት ሜታኖሉ ነው። ፉርፉራል አልዲሃይድ ስለሆነ ከሜታኖል ጋር ተዋህዶ አሲታል የተባለ ውህድ ይፈጥራል፤ አንድ ሞል አሲታል በተፈጠረ ቁጥር ደግሞ አንድ ሞል ውሃ ይወጣል። ስለዚህ መሣሪያው እየቆጠረ ያለው ከናሙናዎ የመጣውን ውሃ ብቻ ሳይሆን፣ ቲትሬሽኑ ዕቃ ውስጥ ገና በመፈጠር ላይ ያለውንም ጭምር ነው። በሌላ በኩል አልዲሃይዱ ሪኤጀንቱ ውስጥ ካለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ውሃ ይወስዳል። አንዱ ንባቡን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ ቁጥሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል መስሎ መታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው ለአልዲሃይድና ለኪቶን ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ሜታኖል የሌለበትን ሪኤጀንት መጠቀም ነው። ይህንንም ቢሆን ሳይፈትሹ አይመኑት። በዝቅተኛ ግፊት አዲስ በተነጠረ ፉርፉራል ላይ 1፣ 2 እና 3 በመቶ ውሃ በሚዛን እየጨመሩ ይለኩ፤ የጨመሩትን ውሃ በአግድሙ፣ የተነበበውን በቁሙ አድርገው መስመር ያስምሩ። የመስመሩ ተዳፋት 1 ካልሆነ ከጨመሩት ውሃ የተወሰነው የሚጠፋበት ወይም ተጨማሪ ውሃ የሚፈጠርበት ምላሽ አለ ማለት ነው። ተዳፋቱ 1 ሆኖ መስመሩ ከዜሮ በላይ ቢነሳ፣ ፉርፉራሉ ከመጀመሪያውም የያዘው ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ የአሲታሉ ውሃ ነው። ሁለቱን ለመለየት ናሙና ከገባ በኋላ ንባቡ መርጋት አለመርጋቱን መመልከት ይበቃል።

ሁለተኛ መልስ

በሪኤጀንቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ናሙና አወሳሰዱ ላይ ግን ልጨምር። የሁለቱ እርስ በርስ መሟሟት ከሙቀት ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በ70 ዲግሪ የጠገበ ናሙና ቀዝቃዛ ሲሪንጅ ውስጥ ሲገባ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። የደፈረሰውን መልሶ በማሞቅ ለማጥራት መሞከር አይመከርም፤ ጠብታዎቹ ግድግዳው ላይ ይቀራሉና። የመስታወት ሲሪንጁንና መርፌውን አስቀድመው በዚያው ሙቀት ያሞቁ፤ ናሙናውንም ወዲያውኑ አስቀድሞ በተመዘነ ደረቅ አሟሚ ውስጥ ያስገቡት። ወደ ታችኛው ክፍል ሲወርዱም መርፌው የላይኛውን ውሃ ይዞ እንዳይገባ ጥቂት አየር እየገፋ እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ከዕቃው ጎን በጎማ የተዘጋ ቀዳዳ ካለዎት ደግሞ የተሻለ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ብዙዎች የሚዘሉትን አንድ ፍተሻ አደራ እላለሁ። በፌዝ ሕግ መሠረት ሁለት ንጹሕ ንጥረ ነገሮች በሁለት ፈሳሽ ክፍሎች ተለያይተው ሲቆሙ፣ ሙቀትና ግፊት ከተወሰኑ የየክፍሉ ይዘትም ይወሰናል፤ መጀመሪያ ምን ያህል ከምን ያህል ጋር እንደተደባለቀ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ አንዱን ሙከራ በክብደት እኩል በእኩል፣ ሌላውን አንድ ለሦስት፣ ሌላውን ሦስት ለአንድ አድርገው ይሥሩት። የሚያገኙት ይዘት ከድብልቁ ጋር አብሮ ከተለዋወጠ ወይ ኢኩሊብሪየም (ይዘቱ መለወጥ የሚያቆምበት ሚዛን) ላይ አልደረሱም፣ ወይ በናሙናው ውስጥ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ተቀላቅሏል፣ ወይ ሦስተኛ ንጥረ ነገር አለ። ከባጋስ በወጣ ፉርፉራል ውስጥ አሴቲክ አሲድና ሜቲልፉርፉራል ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ ይህ የመጨረሻው ጥርጣሬ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሜታኖል የሌለበት ሪኤጀንት ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ የፉርፉራሉን ክፍል በምን ልለካ? በተጨማሪም የምሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ማለት ውጤቴን ይለውጠው ይሆን?

ሁለተኛው መላሽ

በፈሳሽና በፈሳሽ መካከል ባለው ሟሚነት ላይ ያን ያህል የግፊት ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ ከመለኪያዎ ስሕተት በታች ነው። የሚለወጠው የመፍላቱ ሙቀት ነው፦ ሁለቱ ተደባልቀው በባሕር ጠለል ግፊት ወደ 98 ዲግሪ ሲፈሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃው ብቻውን እንኳ በ92 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ድብልቁ ከዚያም ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ ክፍት በሆነ ዕቃ ከ80 ዲግሪ እንዳያልፉ እመክራለሁ።

ሪኤጀንቱ እስኪደርስ የመደፍረስ ነጥብ ዘዴ ይበቃዎታል፤ ለእኔ እንዲያውም ከቲትሬሽኑ ጎን ሊቀር የማይገባው ነው፣ ምክንያቱም የኬሚካል ምላሽ ስለሌለበት የሚሳሳተው በተለየ መንገድ ነው። ፉርፉራልና ውሃ በትክክል መዝነው፣ ብዙ ባዶ ቦታ በማይተው ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ያሽጉ፤ አሙቀው ሙሉ በሙሉ ሲጠራ እያማሰሉ በጣም ቀስ ብለው ያቀዝቅዙት። ደመና የመሰለው ጥላ የታየበትን ሙቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያ መልሰው አሙቀው የጠራበትንም ይመዝግቡ። ሁለቱ ከተራራቁ የማቀዝቀዝ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ይዘቱን ከሚዛኑ ስለሚያውቁት ትንተና አያስፈልግም።

ፉርፉራሉ ግን የጠራ መሆን አለበት። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ፣ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ስለሚሆን፣ ጠቁሮ ከቆየ መደፍረሱን በዓይን መለየት ያዳግታል። ስለዚህ በሚሠሩበት ዕለት ያንጥሩትና በናይትሮጅን ሥር ከብርሃን ሸሽገው ያስቀምጡት። በቆዳም በትንፋሽም ስለሚገባ ይህን ሁሉ በጭስ መሳቢያ ሥር፣ ጓንት አድርገው ይሥሩት።