2.80 በ3.20 የሆነ መኝታ ክፍል፦ 1.50 አልጋ ይሻላል ወይስ 1.80?

ዓባይ ማዶ ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይተን ልንገባ ነው። መኝታ ክፍሉን ለካሁት፣ 2.80 በ3.20 ሜትር ነው። በሩ ጠባቡ ግድግዳ ጥግ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል። መስኮቱ በዚያው በበሩ በኩል ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ ነው።

ባለቤቴ ቁመቱ 1.86 ነው፣ አልጋው 1.80 ካልሆነ አይሆንም ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁም ሳጥኑ የት ይቁም፣ አጎበሩስ እንዴት ይሰቀል የሚለው ነው። ልጅም እየጠበቅን ስለሆነ የሕፃን አልጋ ቦታ ያስፈልገናል። ፈርኒቸር ቤቶች ደግሞ አንዱ ኪንግ ያለውን ሌላው ኩዊን ይለዋል። አልጋ በየጊዜው የሚቀየር ዕቃ አይደለምና የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

አናጢ ነኝ
እህቴ፣ ኪንግና ኩዊን የሚለውን ተዪው። አገር ለአገር ይለያያል። የእንግሊዝ ኪንግ 150 በ200 ሳንቲሜትር ነው፣ የአሜሪካው ግን 193 በ203። የአሜሪካ ኩዊን 152 በ203 ስለሆነ ከእንግሊዙ ኪንግ ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል። ሻጩን በሳንቲሜትር ንገረኝ በይው። እኛ ጋ የተለመደው 90፣ ሜትር ከሃያ፣ ሜትር ከሃምሳ እና ሜትር ከሰማንያ ነው። ይህ ግን ስፋቱ ብቻ ነው። ርዝመቱ 1.90 ወይም 2 ሜትር ይሆናል፣ ብዙ ሰው ይህንን ሳይጠይቅ ይገዛል። ለባለቤትሽ 1.90 ያጥራል፣ ምክንያቱም ከሰውየው ቁመት ላይ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ትርፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ የእናንተ 2 ሜትር ነው፣ ስፋቱ የፈለገውን ቢሆን።

ሁለተኛው ነገር፣ ሜትር ከሃምሳ ሲባል የፍራሹ ልክ ነው። እንጨቱ ሲጨመርበት በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይበልጣል፣ ስለዚህ ከውጭ 1.60 በ2.10 አድርገሽ አስቢው። ራስጌው ወፍራም ወይም ስፖንጅ ያለው ከሆነ ደግሞ ርዝመቱ ከዚያም ያልፋል። ሜትር ከሰማንያው ከውጭ 1.90 ይሆናል።

አሁን ክፍልሽን እንየው። ራስጌውን ከበሩ ትይዩ ባለው ጠባብ ግድግዳ ላይ አስጠጊ። በግርጌ 1.10 ይተርፋል። በሩ 80 ቢሆን እንኳ ሳይነካ ይከፈታል። ከበሩ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ 60 ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን ስታቆሚ ከፊቱ 50 ይቀራል። ተራ በር ቢኖረው ሲከፈት መቆሚያ ያሳጣሻል፣ ስላይዲንግ በር አሠሪ።

በጎን ደግሞ በሜትር ከሃምሳው 1.20 ይተርፋል፣ በሜትር ከሰማንያው 90 ብቻ። የሕፃን አልጋ ፍራሽ ብዙ ጊዜ 60 በ120 ነው፣ ከነእንጨቱ 65 ያህል ስፋት ይይዛል። ከ1.20 ላይ 65 ሲነሳ 55 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ይቀርሻል፣ እሱም ጠበብ ቢል ያስኬዳል። ከ90 ላይ ሲነሳ ግን 25 ነው የሚቀረው፣ እርጉዝ ሴት ቀርቶ ማንም አያልፍበትም። ሕፃኑን ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ በኩል አድርጊው፣ መተላለፊያው በመስኮቱ ሥር ይሁን።

የሁለት ልጆች እናት
አናጢው ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የአጎበሩን ነገር ነው። እዚህ ጣና ዳር ወባ አለ፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይብሳል፣ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ትበረታለች። አጎበር ሥራውን የሚሠራው ጫፉ በአራቱም በኩል ከፍራሹ ሥር ሲታጠፍ ነው። አልጋው ሰፍቶ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ በዚያ በኩል እጅሽ አይገባም፣ ማታ ማታ ደክሞሽ ትተዪዋለሽ። ቢያንስ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ሌላው ደግሞ ለሜትር ከሃያ የሚበቃ አጎበር ሰፊ አልጋ ላይ ሲሰቀል ይወጠራል፣ ክንድሽ ወይም ጉልበትሽ መረቡን ሲነካ ትንኟ በውጭ ሆና ትነክሳለች። መጀመሪያ አልጋውን ወስኚ፣ ከዚያ አጎበሩን በልኩ ግዢ። ለሕፃኑም የራሱ ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የሕፃኑ ፍራሽ ከአልጋው ጋር ልክክ ማለት አለበት። በጎን ክፍተት ካለ ፊቱ እዚያ ገብቶ ሊታፈን ይችላል።

ረጅሙ
እኔ ግን ለባልየው እከራከራለሁ። 1.50 ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ሰው 75 ነው፣ ነጠላ አልጋ እንኳ 90 እየሆነ! እኔና ሚስቴ ሜትር ከሃምሳ ላይ ስንተኛ አንዱ በተገላበጠ ቁጥር ሌላው ይነቃ ነበር። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር እንዴት እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሙቀት ተጠጋግቶ መተኛት አይቻልም። ሜትር ከሰማንያ ከገዛን ወዲህ እንቅልፋችን ተስተካክሏል። ቁም ሳጥኑ ሳሎን ይቁም፣ ምን ችግር አለው?

አናጢ ነኝ
ወንድሜ፣ የእንቅልፉን ነገር አልክድም፣ ክፍሉ 3.50 በ4 ቢሆን እኔም ሜትር ከሰማንያ ሥሩ ነበር የምለው። ግን ቁም ሳጥኑ ሳሎን ቢወጣ እንኳ የጎኑ 90 ሳንቲሜትር አይጨምርም፣ የሕፃኑ አልጋ አሁንም ቦታ የለውም። መነቃቃቱ ደግሞ ከስፋቱ ይልቅ ከፍራሹና ከርብራቡ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የላላ ርብራብና የሰመጠ ስፖንጅ ሁለቱንም ሰው ወደ መሐል ያንሸራትታል። ጠጠር ያለ ፍራሽ፣ መሐሉ ላይ ድጋፍ እግር ያለው አልጋ ይሁን፣ ሜትር ከሃምሳው ላይ ብዙ ለውጥ ታያላችሁ።

ዓባይ ማዶ ነዋሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ባለቤቴ ጽሑፉን አነበበው፣ አሁንም ዓይኑ ሳያይ አያምንም። ደግሞ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ጠባብ ነው።

አናጢ ነኝ
እንግዲያው ሲባጎና ሜትር ይዛችሁ ባዶው ክፍል ግቡ። 1.90 በ2.10 ወለሉ ላይ አስምሩ፣ የቁም ሳጥኑንና የሕፃኑን አልጋ ቦታም አስምሩ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ይግባና ማታ ሕፃን ለማንሳት እንደሚሄደው ይሂድ። ቀጥሎ በ1.60 አስምሩና ይሞክር። ደረጃው ጠባብ ከሆነ ደግሞ አልጋው በብሎን የሚፈታ እንዲሆን ከመሠራቱ በፊት ተናገሩ፣ በሙጫና በምስማር ከተያያዘ በኋላ ፎቅ ላይ ማውጣት ጣጣ ነው። ስፖንጁ ይታጠፋል፣ ስፕሪንግ ፍራሽ ግን አይታጠፍም፣ የደረጃውን መታጠፊያ ለክታችሁ ግዙ።