እህቴ «የምግብ ሱሰኛ ነኝ» ትላለች፣ ግን ከስታ አልቃለች

እህት ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ትማራለች። ካለፈው ሰመር ጀምሮ እየከሳች መጥታ አሁን አጥንቷ ይታያል። ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሁሌ ይበርዳታል፣ ቤት ውስጥ እንኳን ጃኬት አታወልቅም። አኖሬክሲያ (ሰው መወፈርን ፈርቶ ራሱን የሚያስርብበት የአእምሮ ሕመም) ነው ብዬ ስጠረጥር እሷ «ኧረ ተቃራኒው ነው፣ እኔ የምግብ ሱሰኛ ነኝ፣ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም» ትለኛለች። ኢንተርኔት ላይ መጠይቅ ሞልታ ሱሰኛ ነሽ ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ስኳርም፣ ዳቦም፣ እንጀራም እርግፍ አድርጋ ተወች። ሌሊት ተነስታ የኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ እየዛቀች ስትበላ አይቻታለሁ፣ በማግስቱ ግን ምንም አትቀምስም። ቀኑን ሙሉ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ታያለች፣ ለእኛ ዶሮ ወጥ ትሠራለች፣ ራሷ ግን ንክች አታደርገውም። እማዬ «የሰው ዓይን ነው፣ ጸበል እንውሰዳት» እያለች ነው። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ? ሱስ ከሆነስ ከምግቡ መራቋ ልክ አይደል እንዴ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። የምሠራው አእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፣ እንዲህ የሚሉ ልጆች በብዛት ይመጡብናል። መራቋ ልክ አይደለም። በሽታውን የሚያባብሰው እሱ ነው።

የሞላችው መጠይቅ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2009 ከተዘጋጀውና በ2016 ከታደሰው የተቀዳ ይመስለኛል። የታደሰው መጠይቅ የሱስ ምልክት ተብለው የሚታወቁትን 11 መለኪያዎች ወስዶ ወደ ምግብ ያዞራል። ካሰብሽው በላይ በልተሽ ታውቂያለሽ? ለማቆም ሞክረሽ አቅቶሽ ያውቃል? ሐሳብሽን ይወስደዋል? እያለ ይጠይቃል። ለወራት የተራበ ሰው ለዚህ ሁሉ «አዎ» ነው የሚለው! አኖሬክሲያ ያለባቸው ሰዎች ሲሞሉት ብዙዎቹ ሱሰኛ ሆነው ይወጣሉ፣ በተለይ አልፎ አልፎ በብዛት በልተው ከዚያ የሚያስመልሱት ወይም ሌላ ማካካሻ የሚፈልጉት። አንዳንዷ ደግሞ ሁለት ብስኩት በልታ «ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ» ትላለች፣ ስሜቱ ለሷ እውነት ነው። የምግብ ሱስ እስካሁን ሐኪሞች የአእምሮ ሕመምን በሚለዩበት መመሪያ ውስጥ እንደ በሽታ አልተመዘገበም፣ ተመራማሪዎችም ይከራከሩበታል። አኖሬክሲያ ግን የታወቀ በሽታ ነው፣ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ለቤተሰብ ሁሉ የምነግረው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ 1944 እና 1945 ላይ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ይዞ ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አጠና። ልጆቹ በእምነታቸው ምክንያት አንዋጋም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ለስድስት ወር ያህል ድንች፣ ዳቦ፣ ማካሮኒ ይሰጣቸዋል፣ ግን ከሚያስፈልጋቸው በጣም ያነሰ። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ልጆች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማሰባሰብ ጀመሩ። ምግቡ እንዲበረክትላቸው ውሃ እየጨመሩ ለረጅም ሰዓት ይበሉታል፣ ሳህን ይልሳሉ። ይበርዳቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፣ ሰው ያስጠላቸዋል። ጥናቱ አልቆ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ እስኪያማቸው በልተው እንኳን አልጠግብ አሉ፣ ይሄም ለወራት ቆየ። ከጥናቱ በፊት አንዳቸውም የምግብ ችግር አልነበረባቸውም። አሁን የእህትሽን ቪዲዮ፣ ጃኬቱን፣ ዶሮ ወጡን አስቢው።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ታምሜ የዳንኩ ነኝ። ነርሷ ያለችው ልክ ነው፣ ግን «ሱስ» የሚለውን ነገር ጭራሽ ውድቅ ስታደርጉት ልጅቷ የምትሰማችሁ አይመስለኝም። እኔን ይዞኝ የነበረው ነገር ሱስን በጣም ይመስል ነበር፣ ብቻ የሱስ ያህል የሳበኝ ምግቡ ሳይሆን አለመብላቱ ነው። ሆዴ ባዶ ሲሆን ንጹሕ የሆንኩ፣ ያሸነፍኩ ይመስለኛል። ስበላ ጭንቀት ነው። ስኳርና ዱቄት የነካው ሁሉ ይቅርብሽ የሚል የሱሰኞች ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር። ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል፣ ለኔ ግን ለበሽታው አዲስ ሕግ ሰጠው። በፊት በድብቅ የምተወውን በኩራት መተው ጀመርኩ፣ የተከለከለው ዝርዝር በየሳምንቱ ይረዝማል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሌሊት ረሃቡ ፈንድቶ ሳላቆም እበላለሁ፣ ጠዋት «አየሽ፣ ሱሰኛ ነሽ» እላለሁ።

ሌላ ደግሞ ገበታ ላይ እጇን እይ። እኔ እንጀራውን በትንሽ በትንሹ እየቆረስኩ ወጡን እያስነካሁ ለሌላው አጎርስ ነበር። ሁሉም «እንዴት ያለች ደግ ልጅ!» ይለኛል። እኔ አፌ ውስጥ ምንም አልገባ።

ዲያቆን፦
ስለ ጸበሉ አንድ ነገር ልበል፣ እናታችንን ቅር እንዳይላቸው። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፣ ቦታው ላይ ደግሞ ጾሙም ይጠብቃል። ለዚህች ልጅ ይሄ አደገኛ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይያት፣ ጸሎቱን ማን ይከለክላል? ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፣ በዚህ መሃል ያልበላን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የታመመ ሰው እንዲጾም አታስገድድም። የንስሐ አባቷ ራሳቸው «ልጄ፣ ብዪ» ቢሏት እኔና አንቺ ከምንላት ይልቅ ትሰማቸዋለች። ቀድመሽ አናግሪያቸው፣ ሁኔታውን በደንብ አስረጂያቸው።

እህት ነኝ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ለእማዬ አነበብኩላት፣ አለቀሰች። አሁን ምን ብዬ ልጀምር? ከዛሬ ጀምሮ በደንብ ላብላት?

ነርሷ፦
በአንድ ጊዜ አታብሏት! ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ወርዶ ልብ ሊያቆም ይችላል፣ ከጦርነቱ በኋላ ከእስር የተፈቱ ሰዎች ላይ የታየ ነገር ነው። የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ፖታሲየምና ፎስፌት ይታይላት፣ ምግቡ በሐኪም ምክር ይጨመር። በዚህ ሳምንት ውሰጃት። ከወደቀች ወይም ደረቷን ካመማት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል።

ሱስ ነው አይደለም እያልሽ አትከራከሪያት። «ምግብ ሐሳብሽን ሁሉ እንደያዘው አያለሁ፣ ይሄ ደክሞሻል፣ አብሬሽ ልሂድ» በያት። ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ የተጀመረው ሕክምና ታዳጊዎችን ወላጅ በየምግብ ሰዓቱ አብሮ ተቀምጦ እንዲያበላ ያደርጋል። እሷ 19 ናት፣ ፈቃዷ ያስፈልጋል፣ ግን የእማዬ አብሮ መቀመጥ አሁንም ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ «ከሳሽ፣ አማረብሽ» እንዳይላትም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ የሌሊቱን የኦቾሎኒ ቅቤ ነገር አትደብቁ፣ እሷ አፍራ ልትተወው ትችላለች። ማስመለስ ካለም ይጠየቅ፣ ፖታሲየሙን የሚያወርደው እሱ ነው።